ያልታተመው የምስጋና ገጽ

አሜሪካ፣ ሶዶ በሚባል የመጋዘን ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ መጋዘን በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ እሠራ ነበር። ማኅበራችን ከአሜሪካ ለጋሾች እርዳታ እየተቀበለ፣ ከአገር ቤት ድንበር ማዶ ባለው፣ ምርጫ የሚባል ነገር በማይታወቅበት ጎረቤት አገር፣ መብታቸውን በድብቅ ለሚማሩ ሰዎች መጽሐፍና ሬዲዮ ይልካል። የዓመቱን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

እኔ ደግሞ ሰው አመስግኜ አልጠግብም። ያደግኩት በሠርግ ቀን ድንኳን የተከለው ሳይቀር ስሙ ተጠርቶ በሚመሰገንበት ሰፈር ነው፤ አንዱን የዘለለ ዓመት ሙሉ ይታማል። ስለዚህ በመጨረሻው ገጽ እዚያ አገር ያሉትን ተባባሪዎቻችንን ከነሙሉ ስማቸውና ከነከተማቸው ደረደርኳቸው። ከሁሉ በላይ ያስቀመጥኩት እናቶችን ቤቷ ሰብስባ የምታስተምረውን መምህርት ነበር። ሐሙስ ዕለት ኬንት ከተማ ወዳለው ማተሚያ ቤት ላክሁት፤ ድረ ገጻችን ላይም ሊወጣ ነበር።

ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ወደ ኤቨረት ከተማ በመኪና ስንሄድ፣ አንድም ሰው እንዳልረሳሁ በኩራት ነገርኳት።

"እና የዚያ አገር መንግሥት ቢያነበውስ?" አለችኝ።

በውጭ እርዳታ ስለ ምርጫ ማስተማር እዚያ እንደሚያሳስር፣ በዚያው ሪፖርት ገጽ ሦስት ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መኪናዋን ዳር አቁሜ ማተሚያ ቤቱ ጋ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ቀጥዬ የቢሮ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። እኚህ ሽማግሌ ወላጆቻቸው የዚያ አገር ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው አዲስ አበባ ነው ያደጉት። ረቂቄን ሁሉ ያነባሉ።

"ጋሼ፣ ሰው አስጨረስኩ" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"ተረጋጊ ልጄ። ትናንት ኮል አድርጌ ገጹን አስወጥቼዋለሁ። ድረ ገጹም ላይ አይወጣም። ሰኞ ልነግርሽ ነበር።"

እፎይ! መሪው ላይ ተደፍቼ እንደ እብድ ሳቅኩ። በራሴ መናደዱ የመጣው ቆይቶ ነው።

"እንዴት ቶሎ አስተዋሉት?"

"ከስሞቹ መጀመሪያ ላይ ያለችው መምህርት እህቴ ናት" አሉኝ።

ሁለት ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠን አንድ ቀን ስለ እሷ ትንፍሽ አላሉም ነበር። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ "ደኅና ናት፤ ዛሬም አስተምራለች" አሉኝ። ይኸው ይህን ስጽፍ የእሷንም፣ የእሳቸውንም፣ የማንንም ስም አልጠራሁም። ምስጋናዬ ይኼ ነው።