ኤሬትሪያዊው ኬሪዮን እና ጥቁሩ ጉድጓድ

ኬሪዮን ከባሕር ቀንድ አውጣ እየለቀመ ሐምራዊ ቀለም የሚያወጣ ሰው ነበር። ሥራው ስለሚከረፋ ገበያ ሲገባ ሰው አፍንጫውን ይዞ መንገድ ይለቅለታል። ቀድሞ የፈረስ ጌቶች የሚባሉ ባላባቶች ብቻ ይገዟት በነበረችው በግሪኳ ከተማ በኤሬትሪያ፣ እንደ እሱ ያለ ሰው በጉባኤ እጁን እንዲያወጣ ከተፈቀደ ገና ብዙ አልቆየም። እሱም ከአንድ ጉባኤ ቀርቶ አያውቅም።

የፋርስ መርከቦች እየመጡ ነው ሲባል ከተማው ተሰበሰበ። ገሚሱ እጅ እንስጥ አለ፤ ገሚሱ ተራራ እንሽሽ አለ።

ታናሽ ወንድሙ ፋኒያስ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድምጋሼ፣ ተራራው ይሻለናል። አቴናዎች ለእርዳታ የላኩልን ሰዎች እንኳ የኛን ጭቅጭቅ አይተው ተመለሱ» አለው።

ኬሪዮን ግን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቆመ። «ፍየል ነን እንዴ ተራራ የምንወጣው? አባቶቻችን ግንብ የሠሩልን ልብስ ልናሰጣበት ነው?»

ሕዝቡ ሳቀ፤ አጨበጨበለት። ከግንቡ አንወጣም የሚሉ እጆች በዙ። ፋኒያስም ወንድሙን አይቶ እጁን አወጣ።

ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተዋጉ። ከቀናት በኋላ ፋኒያስ ጉሮሮውን በቀስት ተመትቶ ወደቀ። ኬሪዮን ሬሳውን አውርዶ ሳይቀብር ሁለት የፈረስ ጌቶች ለጠላት በሩን ከፈቱ። ፋርሶች ቤተ መቅደሶቹን አቃጠሉ፤ ሕዝቡን አስረው አንዲት ድርቅ ያለች ደሴት ላይ አራገፉትና ወደ አቴና ምድር ቀዘፉ።

የፋኒያስ ሚስት ኒካረቴ ሕፃን ልጇን ታቅፋ እዚያው ነበረች። ከዚያ በፊት ኬሪዮንን «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«ትንሽ ውሃ አግኝቻለሁ፣ ጠጪ» አላት።

«አንተ ጠጣው» አለችው። «ብዙ ስለተናገርክ ጉሮሮህ ደርቋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ እንዳለችው ቀረች።

መርከቦቹ ሲመለሱ ቁስለኛ ሞልቷቸው ነበር። አቴናዎች ማራቶን ላይ አሸንፈዋል የሚለው ወሬ ከሰው ሰው ሲያልፍ፣ የታሰሩት ተቃቅፈው አለቀሱ፤ የሚመጣላቸው ሰው ያለ መሰላቸው። ማንም አልመጣም። ፋርሶች እየገፈተሩ ጫኗቸውና ሄዱ።

ባሕሩን ተሻግረው፣ ከዚያ በእግር ወራት ተጉዘው የፋርስ ንጉሥ ከሚቀመጥባት ከተማ ከሱሳ ወዲህ አንድ መንደር ደረሱ። ንጉሡ አልገደላቸውም፤ እዚያው ኑሩ አላቸው። በመንደሩ አጠገብ ጥቁር የሚሸት ዘይት የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር። ኬሪዮን ከዚያ በአቁማዳ እየቀዳ ገንዳ ላይ ይደፋል። ሽታ ስለለመደ ሥራው ለሱ ተሰጠ። በሩን የከፈቱት ሁለቱ ከንጉሡ ሰፊ መሬት እንደተሰጣቸው የሰማውም እዚያው ነው።

ኒካረቴና ልጇ ሌላ ወገን ስላልነበራቸው በሱ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ አብራው አትበላም። ልጅቷ የአገሬውን ቋንቋ ከእናቷ ቋንቋ አስበልጣ እያወቀች አደገች።

ከዓመታት በኋላ ሊሳኒያስ የሚባል፣ ፋርስ ከሚገዛት የግሪክ ከተማ ከኤፌሶን የመጣ ሰው፣ ለንጉሡ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ውሃ ሊጠይቅ ወደ ጎጆው መጣ። ግሪክኛ ሲሰማ ደስ አለው።

«የየት አገር ሰዎች ናችሁ?»

«የኤሬትሪያ» አለው ኬሪዮን።

«አሃ፣ በር ከፋቾቹ» ብሎ ሳቀ ሰውየው። «እኛ አገር አቴናዎች ጀግኖች፣ እናንተ በር ከፋቾች ነው የምትባሉት። ስለ ሌላው ማንም አያነሳም።»

 ጉባኤ ላይ ቆሞ የተናገረው ኬሪዮን ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ጥቁር ይፍቅ ጀመር።

ኒካረቴ የውሃውን ጣሳ ከሰውየው እጅ ተቀበለች። «ባሌ ግንቡ ላይ ነው የሞተው። ይሄም ሰው ከጎኑ ነበር። አንተ ያን ጊዜ ለማን ነበር ድንጋይ የምትጠርበው?»

ሊሳኒያስ ወጥቶ ሄደ።

ኬሪዮን እንባው መጣ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ኒካረቴ» አላት።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አለች ጣሳውን እያጠበች። «ልጄ የከሃዲ ቤት ልጅ እንዳትባል ነው።»

ልጅቷ ለአገሬው ሰው ተዳረች። ኬሪዮን ከሠርጉ በኋላ በመጣው ክረምት ሳል ይዞት ሞተ። ኒካረቴ ሬሳውን አጠበች፤ ጥፍሩ ውስጥ የገባው ጥቁር ግን አልለቅ አላት። በአገራቸው ሥርዓት የሚያለቅሱለትን ሴቶች ጠራች፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። የአገሬው ለቀስተኞች ምን ሰው ነበር ብለው ሲጠይቋት፣ «ባሌን ግንቡ ላይ ያስቀረብኝ ሰው ነው» አለችና አፈሩን መለሰች።