የኦቦ ቶሌራ ባሕር ዛፍ

ሱሉልታ ቤት ተከራይቼ ስገባ ኢንተርኔቱ የሚያስመሰግን ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጠፋ ጀመር። ይባስ ብሎ ስንት ወር የጠበቅኩት የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉኝ፣ ገና አፌን ስከፍት ተቋረጠ። አዝነውልኝ ለነገ ጠዋት ቀጠሩኝ።

ባለሙያ ጠራሁ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናዬን አየና የጎረቤቴን የኦቦ ቶሌራን ባሕር ዛፍ በጣቱ አሳየኝ።

«የኔትወርኩን ማማ የጋረደብህ እሱ ነው። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ቅጠል ውስጥ ሾልኮ ያልፋል፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ያንተ ፈጣኑ ነው። እሱ ደግሞ ቅጠል ላይ፣ ያውም እርጥብ ቅጠል ላይ፣ ይቀራል።»

ደሜ ፈላ። በሰው ዛፍ ምክንያት እኔ ሥራ አጥ ልሆን? በቀጥታ ሄጄ በራቸውን ደበደብኩ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ!» አልኩ፤ ሰላምታዬ ራሱ ክስ ይመስል ነበር። «ዛፍዎ ኢንተርኔቴን ጋርዶብኛል። ጫፉን ይቁረጡልኝ!»

ደነገጡ። «ጫፉንማ አልነካም! ከፈለግክ የታች ቅርንጫፉን ልቁረጥልህ።»

«የታቹ ምን አደረገኝ? የኔ እንጀራ ከቅጠል ያንሳል?» ብዬ ጮኽኩ።

እጄን ይዘው ከግንዱ ወዲያ ማዶ ወሰዱኝና ሽቅብ አሳዩኝ። ጫፉ ላይ፣ ከቅጠሉ ወጣ ብሎ፣ በገመድ የታሰረ አንቴና ከነፋሱ ጋር ይወዛወዛል።

«የኔን ደግሞ የታች ጎረቤቴ ዛፍ ጋርዶብኝ ነው» አሉ። «ገመድ አለኝ፤ ያንተንም አምጣው።»