ጎርፉን በእሳት የቀየርሁበት ፊልም

አንድ የህንድ ፊልም፣ ቴሌቪዥንም መብራትም በሌለበት፣ ጣና መሀል አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው ከሞት አትርፏል። የተረክሁት እኔ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ሚስቴም እስከዛሬ አላመነችኝም።

ባለፈው እሑድ ልጄ አዲስ የመጣ ፊልም በስልኳ አሳየችኝ። መርከብ ይሰጥማል፤ ሰዎቹ ፀጉራቸው እንደተበጠረ፣ ሙዚቃ እየተንቆረቆረላቸው ይሞታሉ።

"እንዴት ነው አባዬ?"

"ምስሉ ወርቅ ነው፤ ሰሪው ግን ውሃ ፈርቶ አያውቅም" አልኋት። እኔ ፈርቻለሁ።

ያኔ ወጣት ነኝ። ዓባይ ማዶ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ የህንድ ፊልም ለተመልካች እተረጉም ነበር። ህንድኛ? አንድ ቃል አላውቅም። የተዋናዮቹን ፊት እያየሁ ነው የምተረጉመው፤ ከነሱ ንግግር የኔው ያምር ነበር።

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ዘጌ ክርስትና በልቼ በጀልባ ስመለስ ነው። ጀልባዋ በሰውና በቡና ጆንያ ጢም ብላለች፤ ሎሚና ጌሾ ይሸታል። መሀል ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ነፋሱ ተነሳ፤ የደፈረሰው ማዕበል እየመታን ይገባ ጀመር። ሰው እየጮኸ ወደ አንድ ጎን ሲነሳ ጀልባዋ ዘመመች። ነጂው ጋሽ ደሴ ውሃ እየቀዱ እየደፉ፣ "ቁጭ በሉ! ከተነሳችሁ እንገለበጣለን!" ይላሉ፤ ማን ይስማቸው! የወረታዋ ቡና ነጋዴ እትዬ ከድጃ ሊዘሉ ጠርዙን ያዙ። ዋና አይችሉም። እኔም አልችልም።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በዚያ በቪዲዮ ቤት ድምፄ ጮህሁ፦ "ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ! እናታቸው ዓይነ ስውር ናት!"

እትዬ ከድጃ ዞር አሉ። "የማን እናት?"

"ይቀመጡና ልንገርዎ።"

ተቀመጡ። ሌላውም ተቀመጠ። ፊልሙን የመረጥሁት ግን ሳላስብ ነው፤ ልጆቹን የሚለያያቸው ጎርፍ ነው! እዚያ ስደርስ ጀልባዋን የሚሞላውን ውሃ አየሁት። "ቤታቸው... በእሳት ተያያዘ!" አልሁ።

ጌታሁን የሚባል የቪዲዮ ቤታችን ደንበኛ፣ ውሃው ጉልበቱ ደርሶ፣ "ውሸታም! ጎርፍ ነው የወሰዳቸው! ሦስቴ አይቸዋለሁ!" አለ።

"አንተ ዝም በል!" አሉት እትዬ ከድጃ። "ይንደድ ተወው! ቀጥል ልጄ፣ ትንሹን ማን አወጣው?"

ዘፈን ሲደርስ ዘፈንሁ፤ እንባዬ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ከአፌ በቀር የደረቀ ነገር አልነበረኝም። ታሪኩ ሲያልቅ የምንሞት ስለመሰለኝ ማስረዘም ያዝሁ፦ ለእናትየዋ እህት ጨመርሁላት፣ ለእህቷ ባል፣ ለባሏ ጠላት።

"ወንድማማቾቹ መቼ ነው የሚገናኙት?" ይላሉ እትዬ ከድጃ፣ ጠርዙን ለቀው የኔን እግር ጨብጠው።

"ተቃርበዋል" እላለሁ።

ጋሽ ደሴ ደግሞ ከኋላ፣ "እንዳታገናኛቸው! ገና ነው!" ይሉኛል።

ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ገፍቶ ዳር ላይ የበቀለው ደንገል ውስጥ ከተተን። ጋሽ ደሴ መቅዘፊያቸውን ወደ ታች ሰደዱት፤ መሬት ነካ።

"በል አሁን አገናኛቸው" አሉኝ።

አገናኘኋቸው። ሰው ሁሉ ተላቅሶ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ፊልም የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ሊሞት የተነሳን ሰው ያስቀምጣል ወይ? የዛሬዎቹ ዓይን ያፈዛሉ እንጂ አያስቀምጡም። ውሸት ነው የሚል ወረታ ገበያ ይውረድና እትዬ ከድጃን ይጠይቅ፤ ጋሽ ደሴም ዘጌ ዳርቻ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያገኛቸዋል። ሂዱ፣ ጠይቁ! ብቻ ቶሎ ሂዱ፤ ምስክሮቼ እያረጁብኝ ነው።