ኤርፎን ሰክቼ ስጨፍር የደረሰብኝ

ዛሬ ከሰዓት ቤቴ ውስጥ እስክስታ ስለማመድ አከራዬ እትዬ አስካለ ጠበል ረጩብኝ።

ቅዳሜ እህቴን አርሲ ነገሌ እንድራለን። ባለፈው ሰርግ ትከሻዬ እንደ እንጨት ደርቆ ተስቆብኛል። ስለዚህ ኤርፎን ሰክቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ አንዱን ትከሻ ብቻ በዝግታ እደጋግማለሁ።

እሳቸው የአዳማ ሙቀት ባስከፈተኝ መስኮት ያዩት ግን ብቻዋን የምትንቀጠቀጥ ሴት ነው።

«እትዬ፣ እየጨፈርኩ እኮ ነው!»

«ያለ ዘፈን? ልጄ፣ የያዘሽ ነገር አለ!»

በግኛለሁ። ሰርግ ላይ ተሰብስበን ስንንቀጠቀጥ ደስታ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን በሽታ? የት እንማረው ታዲያ?

(ለአፍታ እኔም ራሴን ተጠራጥሬ ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።)

በእልህ ስፒከሩን ከፈትኩ። እትዬ የጠበል ጠርሙሳቸውን እንደያዙ ቆመው አዩኝና «ግራሽ ገና ነው» አሉ።

አሁንም አልበረደልኝም። ግራዬ ግን እውነትም ገና ነው።

እናንተስ ቤታችሁ ስትለማመዱ ማን ደረሰባችሁ?