እምቢ ያለችው ቀዛፊ

ሰውየውን ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚለው። መኪና መንዳት ያስተምራል። የማስተማሪያ መኪና አይታችሁ ከሆነ፣ በአስተማሪው እግር ስር አንድ ትርፍ ፍሬን አለች፤ ነገር ሲበላሽ እንዲረግጣት የተቀመጠች። የኛ ሰው ግን ነገር እስኪበላሽ መጠበቅ አያውቅም። ተማሪው ገና ማርሽ ሲያስገባ ይረግጣል። ተማሪው አሳምሮ ሲታጠፍም ይረግጣል፤ «አሳምረህ መታጠፍህን እኔ ልንገርህ» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሲረግጥ ኖሮ ቀኝ ጭኑ ከግራው ወፍሯል፣ ልብስ ሰፊው ሱሪ በለካው ቁጥር ይስቅበታል። እውነቱን ለመናገር ግን እሱ ያስተማረው ሰው ፈተና አይወድቅም። ሰውየውን ያበላሸችውም ይህቺው ናት። ማንም ሰው በደንብ ካስተማሩት ወደፈለጉት አቅጣጫ ይታጠፋል ብሎ ቁጭ አለ።

የሚኖረው ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት ከታናሽ እህቱ ጋር ነው። እህቱ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ታነሳለች። እሱ «እታለም» ይላታል፣ እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ ይዋደዳሉም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ገና ተማሪ ነበረች። ያበላትም፣ ያለበሳትም፣ ያስተማራትም እሱ ነው። ይህንን እሷ አትረሳም። እሱማ ጭራሽ አይረሳም፣ ሌላውንም አያስረሳም።

ችግሩ ባል ነው። ፍሬን እህቱን ሳይድር መሞት አይፈልግም፤ ባሎቹንም የሚመርጠው ከተማሪዎቹ መሃል ነው። መስፈርቱ ወደ ኋላ ሄዶ በሁለት መኪና መሃል ማቆም ነው። «መስታወቱን እንዴት እንደሚያይ ብታዪው!» እያለ አንዱን ከአንዱ አስከትሎ እሁድ እሁድ ቤት ይዞ ይመጣል። እሷም ሻይ ታቀርባለች፣ ታጫውታለች፣ እስከ በር ትሸኛለች፤ ከዚያ «ጋሼ፣ አይሆንም» ትላለች። ለምን ሲላት «አይሆንማ» ነው መልሷ። ወይ ፍንክች።

ባል በማይመጣበት እሁድ ደግሞ የጥርስ ሐኪሟ ትመጣለች። የእህቱ ጓደኛ ናት፤ እዚያው ክሊኒክ ነው የተዋወቁት፣ ዘመን ሆናቸው። ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው ሲስቁ ፍሬንን ደስ ይለዋል። የመንጋጋ ጥርሱንም የሞላችለት እሷ ናት። «ጓደኛ ብቻ አይደሉም፣ እንደ እህትማማች ናቸው» ይላል ለጎረቤቱ ሁሉ፣ አፉን ሞልቶ።

ወገቡን ሲያመው ሐኪም «ከሥራ ስትገባ አርፈህ ተቀመጥ» አለው። ፍሬን ደግሞ አርፎ መቀመጥ አይችልበትምና የጌም ማጫወቻ ገዛ። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ ጎርፍ ያጠፋውን አገር ከመንገድ ጓዶቹ ጋር እየተዋጋ ያቋርጣል። ከጓዶቹ አንዷ ቀዛፊ ናት። ጀልባዋን ማንም እንዲነካባት አትወድም፣ ነገር ታውቃለች፣ ስትናደድ ታንጎራጉራለች። ፍሬን ክንፍ አለ። ያገኘው ሁሉ ለእሷ ሆነ፤ ፋኖስ ሰጣት፣ ገመድ ሰጣት፣ ሌሎቹ ጓዶች ቆስለው እየተንፈራገጡ ለእሷ የዓሣ መረብ ሲፈልግ ይውላል። በመጨረሻ እሳት ዳር ተቀምጠው ሳለ «እወድሻለሁ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ።

ቀዛፊዋ ዞር ብላ አየችው። «ወንድሜ ነህ» አለችው። «ለአንተ ብዬ እሞታለሁ። ልቤ ግን ለወንድ አይደለም። የምወዳት ሴት ወንዙ ማዶ ትጠብቀኛለች።»

ሰማይ ተደፋበት። ጌሙን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ጠየቃት፤ ያንኑ አለችው። ሌላ ፋኖስ ሰጥቶ ጠየቃት፤ ፋኖሱን ተቀብላ ያንኑ አለችው። «እታለም! ነይማ ጉድ እይ!»

እህቱ የሳህን ፎጣዋን እንደያዘች መጣች። አሳያት። ቀዛፊዋ ንግግሯን ስትጨርስ እህቱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እስቲ ድገመው» አለችው።

ደገመው። እሷም ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፍሬን ይህንን አይቶ ምን ገባው መሰላችሁ? እህቴ ለኔ አዘነች ብሎ ነው የገባው። «አይዞሽ፣ ጌሙን የሠሩትን ዝም አልላቸውም» አላት።

በነጋታው ማስተማሪያ ቤቱ ውስጥ አገር ይያዝልኝ አለ። «በገንዘቤ የገዛሁት ጌም እንዴት እምቢ ይለኛል? በጌሙ ውስጥ ሴት ሆኖ ለሚጫወት ሰው እሺ ልትል፣ ለኔ ስትሆን እምቢ?»

መኪኖቹን የሚጠግነው መካኒክም ያንኑ ጌም ይጫወታል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እኔንም እምቢ ብላኛለች፤ እና ምን ይጠበስ?» አለው። «ደስ የምትለኝ የራሷ ልብ ስላላት ነው። ለመጣው ሁሉ እሺ ካለችማ ያው የበር እጀታ ናት።»

የማስተማሪያ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ በዚህ አልተስማማችም። «እኔ ቀኑን ሙሉ እምቢ ሲሉኝ ነው የምውለው» አለች ማኅተሟን እየመታች። «ቤቴ ገብቼ ደግሞ ጌም እምቢ ይበለኝ? ሁሉም ይውደደኝ። በጨዋታ ማን ተጎዳ?»

«በቃ፣ ይኸው!» አለ ፍሬን። ጸሐፊዋ ስለ ራሷ ብቸኝነት ነበር የተናገረችው፣ እሱ ግን ፍርድ ቤት የፈረደለት ያህል ደረቱን ነፋ። የዚያኑ ቀን ለጌሙ ኩባንያ ጻፈ። መልስ ሲዘገይ ደገመ። ተጫዋቾች በሚወያዩበት ገጽ ላይ ገብቶም እንደ እሱ አንጀታቸው ቅጥል ያለ ወንዶችን አገኘ፤ ብዙ ናቸው፤ ለካስ ቀዛፊዋ ያላሳፈረችው ሰው የለም። ሁሉም በአንድ ላይ ዘራፍ አሉ። ኩባንያው መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ ግን ልብ ገዛ። «ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአሁን ጀምሮ ሁሉም የመንገድ ጓዶች ለሁሉም ተጫዋች ክፍት ናቸው» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ክፍት፣ ልክ እንደ ሱቅ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፍሬን ተላጭቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። አዎ፣ ተላጭቶ። በማግስቱ እሁድ አንድ ባል ይመጣል፤ የባንክ ሠራተኛ፣ አቀበት ላይ መኪና ሲያስነሳ ወደ ኋላ የማይንሸራተት። ደስታው እጥፍ ድርብ ነው። እሳቱ ዳር ሄደና ቁልፏን ተጫነ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተን ስጠብቅ ነበር» አለች ቀዛፊዋ።

«እታለም! ነይ እይ፣ እሺ አለች!»

እህቱ መጣች። ቆማ አየች። «ወንዙ ማዶ ያለችውስ?» ብላ ጠየቀች።

«ማን?»

«የምትጠብቃት ሴት።»

ፍሬንም ገርሞት ኖሮ፣ እሳቱ ዳር ከመሄዱ በፊት ወንዙ ማዶ ያለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ድረስ ሄዶ አጣርቶ ነበር። «እሷማ አሁን እህቷ ናት አሉ» አለ እየሳቀ። «አስተካከሉት። አየሽ እታለም፣ ሰውም እኮ እንዲሁ ነው። ትንሽ ከገፋፉት ልቡ ይመለሳል። ነገ የሚመጣው ልጅ…»

«ጋሼ» አለችው። ድምጿ ከወትሮው አልጨመረም። «የጥርስ ሐኪሟ እህቴ አይደለችም።»

«እንደ እህት ማለቴ…»

«እንደ እህትም አይደለችም። የምወዳት ሴት ናት። እሷም ትወደኛለች። ያመጣሃቸውን ሁሉ እምቢ ያልኩት መንዳት ስላልቻሉ አልነበረም፤ አሳምረው ይነዳሉ። ፈርቼህ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ግን አንዲትን የተሳለች ሴት እንኳ አላስቀምጥ ስትል አየሁህና፣ መፍራቱ ሰለቸኝ።»

ፍሬን የተናገረው ምንድን ነው? «ቀስ እያለ ይስተካከላል…» ብሎ ጀመረ። ሰውየው ለተማሪም ለእህትም ሌላ ቃል አልፈጠረበትም።

«እኔን የሠራኝ ኩባንያ የለም ጋሼ» አለችው። «የት ልትጽፍ ነው?»

ወደ ክፍሏ ገብታ ልብሷን በቦርሳ ይዛ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ይህቺ እህት ከወንድሟ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠየቀችውም። «ሰው የት ሄደች ቢልህ፣ ምን ትላለህ?»

ፍሬን አሰበ። ጎረቤቱን አሰበ፣ መካኒኩን አሰበ፣ የባንኩን ሠራተኛ አሰበ። «ጓደኛዋ ጋ ሄደች እላለሁ» አለ።

እሷም ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

እሁድ የባንኩ ሠራተኛ ኬክ ይዞ መጣ። «ትንሽ አሟት ነው» አለው ፍሬን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሁለቱ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ኬኩን በሉ፤ ስለ ጎማ አወሩ። ልጁ ሲሄድ «ለሌላ ጊዜ ይሻላታል» አለ፤ ፍሬንም «ይሻላታል» አለ። ብቻውን ሲቀር የኬኩን ሳህን አጠበ።

ጌሙን ከፈተ። ቀዛፊዋ ፈገግ ብላ ጠበቀችው። ጀልባሽን ልንዳ አላት፤ እሺ አለች። ጀልባሽን ልሽጠው አላት፤ «አንተ ደስ ካለህ» አለች። አታንጎራጉርም፣ አትቆጣም፣ አትቀልድም። ሰኞ መካኒኩ በሳቅ እየተንፈራፈረ መጣና «እኔንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስትጠብቀኝ ነበር አለችኝ» አለው። ጸሐፊዋም ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ «እኔንም» አለች፤ እሷ እንኳ ደስ ያላት አትመስልም። «እኔ ሁሉም ይውደደኝ ያልኩት ሌላ የሚወደኝ ሰው እንዲጨምሩልኝ ነበር፤ እሷን እንዲያበላሹ አላልኩም።»

የዚያን ሳምንት የፍሬን ተማሪዎች መኪናው ሳይረገጥበት እንዲሁ ሲሄድ ሲሄድባቸው ተገረሙ፤ አንዷማ ቀይ መብራት ልትጥስ ስትል ራሷ ናት ፍሬን የያዘችው። ቤቱ ባዶ ነው። ያቺ ሁሉን እሺ የምትል ሴት ሶፋው ፊት አለች፤ እምቢ የምትለው ግን የለችም፣ እና ይህ ሰው የናፈቀው እምቢ ባይዋን ነበር። እንደዚህ እናፍቃለሁ ብሎም አልጠረጠረም።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቶ ወደ ጥርስ ሐኪሟ ቤት ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር፤ ይቅርታ ይል፣ ወይስ «ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ» ይል፣ ከዚህ መሃል ሳይቆርጥ በሩ ላይ ደረሰ። ሐኪሟ ከፈተችለት። አየችው፤ አያት። አፉን ከፍታ ስንቴ ያየችው ሴት ፊት አፉን መክፈት አቃተው።

«ጥርስህን ነው?» አለችው፣ ሳትስቅ።

«አይደለም» አለ። «የእህቴን… አንቺንም ልጠይቅ ነው። ሁለታችሁንም።» ይህንን ለማለት ያላበው ላብ፣ በዝናብ አቀበት ላይ ጀማሪ ሲያስነዳ እንኳ አልቦት አያውቅም።

«ማነው?» አለች እህቱ ከውስጥ።

«ወንድምሽ ነው።»

«ብቻውን ነው? ወይስ ባል ይዟል?» አለች እህቱ።

ሐኪሟ በትከሻው አሻግራ ደረጃውን እስከ ታች አየች። «ብቻውን ነው።»

«እንግዲያው ጫማውን አውልቆ ይግባ» አለች እህቱ። «ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት።»