ከጫካው በላይ

በእኛ በተራራማው ቲሮል ከጫካው ወሰን በላይ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ጀምሮ፣ «እርስዎ» የለም። ዳኛም ሆነ ላም አላቢ፣ እዚያ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። ስለዚህ ከሱቃችን ስኪ ልትከራይ የመጣችውን ሴትዮ «አለች» እያልኩ ሳወራ ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ዕድሜዋ ወደ ሰባ ይጠጋል። ከጃኬቷ ደረት ላይ ዓርማ የተነቀለ ይመስላል፤ የክሩ ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ከሱቃችን ለሙከራ የመረጠችው የበረዶ ስኪ፣ ከጫማ ጋር ታስሮ የሚያንሸራትተው ረጅም ጣውላ፣ ደንዳና ነው፣ ለተጠረገ ቁልቁለት የተሠራ፣ ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ የማይሆን።

«ለስለስ ያለውን ባመጣልሽ አይሻልም ነበር?» አልኳት፣ በገመድ የተንጠለጠለው ወንበር ከጫካው በላይ ሲያወጣን።

«እሱን ለአማትህ አከራያት» አለችኝ።

የጠዋቱ በረዶ እንደ መስታወት ጠጥሯል። ስኪውን በጎኑ አጋድማ ስትጫነው ጠርዙ በረዶውን ነከሰ፤ ከኋላዋ የቀረው መስመር በቢላ የተሠመረ ይመስላል። ዝቅ ብሎ በረዶው ተቦክቶ የተቆለለበት ቦታ አለ፤ እሱንም ሳትንገዳገድ ሰንጥቃው አለፈች። እኔ እየተንገጫገጭኩ ደረስኩባት።

«ስኪው ጎበዝ ነው» አለች። «የሚያዘውን ሰው ይሰማል። ፈርቶ ወደ ኋላ የተቀመጠበትን ግን ይጥለዋል።»

መንደሩ ስንደርስ ስኪውን አወለቀች። በሱቃችን በር ካለው የስኪ መደርደሪያ መሀል፣ ጠዋት ልብ ያላልኩትን ከዘራ መዘዘች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ቀኝ ጉልበቷ ከዳት።

«ክንዴን ይያዙ» አልኩ ሳላስበው።

ቆም ብለው አዩኝ።

«አሃ፣ ወርደናል ማለት ነው» አሉ። ክንዴን ትተው ስኪውን አሸከሙኝ። «ለነገም አስቀምጥልኝ።»