በሁለት አለባ መካከል

ኢዳሊና ቦርባ የሁለት ዓመቱን ኮሌጅ ዘጠኝ ዓመት ተማረችው። እኛ በምንኖርባት በቱላሬ ከተማ ይህን የማያውቅ ፖርቱጋላዊ የለም፤ የማይቀልድበትም እንደዚሁ። ሰነፍ ብትሆን ቀልዱን ዝም ብለን ባሳለፍነው። ግን ከእሷ የባሰ የሚለፋ ሰው አላውቅም፤ ስለዚህ ቀልዱ እኔን ያናድደኛል።

የቦርባ ላሞች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይታለባሉ። አባቷ ዤርቫዚዮ ከፖርቱጋል የአዞሬስ ደሴቶች በጎረምሳነታቸው መጥተው በረቱን ካቋቋሙ ጀምሮ ይህ ሰዓት ለገናም ለለቅሶም ተዛንፎ አያውቅም። ሚስታቸው የተቀበሩ ዕለት ሰው ከመቃብሩ ገና ሳይበተን ሽማግሌው ከነጥቁር ሱፋቸው በረት ገብተዋል። ሱፉን አስወልቃ ቱታ ያለበሰቻቸው ኢዳሊና ናት። ያን ጊዜ ቪሳሊያ ከተማ ጥሩ ሥራ ነበራት፤ ሥራውን ትታ ተመለሰች። ማንም ተመለሽ አላላትም፤ ማንም ሂጂም አላላትም። በዚያ ቤት ሰው የሚፈልገውን አይናገርም፤ የሌላውን ፍላጎት ገምቶ ይሠራል እንጂ። እንዲህ ያለ ፍቅር ሰውን ሲጨርስ አይቻለሁ።

በዚያው ዓመት ኮሌጅ ገባች። ሌሊት ተነሥታ ታልባለች፣ በረት ታጥባለች፣ ጥጃ ታጠባለች፣ ጎህ ከቀደደ በኋላ ትንሽ ጋደም ትላለች። የራሷ የምትለው ጊዜ ከረፋዱ አንሥቶ እስከ ቀጣዩ አለባ ድረስ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ትምህርቷን በሰዓቱ እንጂ በዓይነቱ አልመረጠችም። ብየዳ ቀትር ላይ ሲሰጥ ብየዳ ተማረች። መዘምራን ቀትር ላይ ሲሆን ድምፅ ሳይኖራት ዘመረች። የሕፃናት አያያዝ፣ የድንጋይ ጥናት፣ የፊልም ታሪክ። የፊልም ታሪኩን ከሁሉ አብልጣ ወደደችው፤ ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ መብራት እስኪበራ ትተኛበት ነበር።

ልቧ የነበረው ግን አፈርና ውኃ ላይ ነው። የጎረቤቶቿ ጉድጓድ በየበጋው ሲደርቅ እያየች፣ ውኃው የት እንደሚገባ ማወቅ ፈለገች። ያን የሚያስተምረው ፍሬዝኖ ያለው ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደዚያ ለመዛወር ምን እንደሚያስፈልግ ለመጠየቅ የኮሌጁ አማካሪ ሚስስ ታኦ ቢሮ የገባችው በትምህርቷ ዘጠነኛ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ትምህርት በበዛ ቁጥር ዲግሪው የሚቀርብ ይመስላት ነበር።

ሚስስ ታኦ ከሩቅ ምሥራቅ የተሰደደው የህሞንግ ሕዝብ ተወላጅ ናት፤ ልጅ ሆና እንጆሪ ስትለቅም ያደገች፣ ቀልድ የምትችል ደቃቃ ሴትዮ። ኮምፒውተሩን አየች፤ ኢዳሊናን አየች፤ እንደገና ኮምፒውተሩን አየች።

«ብየዳ ለምን ወሰድሽ?»

«ቀትር ላይ ስለሆነ።»

«መዘምራንስ?»

«እሱም ቀትር ላይ ነበር።»

ሚስስ ታኦ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እህቴ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ተምረሽ ለአንድ ሰው ዲግሪ የሚሆን የለሽም። ዩኒቨርሲቲው ግማሹን አይቆጥርልሽም። ማነው እንዲህ አድርጊ ብሎ የመከረሽ?»

«ማንም አልመከረኝ። ላሞቹ ናቸው።»

«እነሱን ይዘሻቸው ብትመጪ ይሻል ነበር።» ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አትደንግጪ። የቀረሽ አንድ ነገር ነው፣ ኬሚስትሪ ከነቤተ ሙከራው። ይህን ጸደይ ካለፍሽው ለነሐሴ ይቀበሉሻል።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰኞና ረቡዕ፣ ከሰባት እስከ ዐሥር።»

ኢዳሊና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ወደ መኪናዋ ተመልሳ መሪውን እንደያዘች ብዙ ቆየች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ዘጠኝ ዓመት አልባ እርጎ የሚሆን እንኳ አላገኘችም።

ለአባቷ የነገረቻቸው እራት ላይ ነው። ሽማግሌው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ቀኝ ትከሻቸው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ክንዳቸውን ከደረታቸው በላይ አያነሡም።

«ሰኞና ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ድረስ ክፍል አለኝ፣ አባባ።»

«ስምንት ሰዓት ላይስ?»

«ለዚያ ነው የምነግርዎት።»

ሽማግሌው ዳቦአቸውን አላምጠው ጨረሱ። «ላም ትምህርት ቤት አታውቅም» አሉ።

«እኔም እኮ ገና አላወቅሁትም።»

«እንጃ» ብለው ተነሡ።

የመጀመሪያው ሰኞ፣ ኢዳሊና በልጅነት ብትወልድ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች መካከል ቆማ ብልቃጥ ሰበረች። አባቷ በአንድ ክንድ ሰማንያ ላም ሲታገሉ፣ አንዷ ስትረግጣቸው፣ ሲወድቁ ይታያት ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እየበረረች ሄደች። የላሞቹን ጩኸት ከአስፋልቱ ላይ ሰማችው። ሁሉም በሩ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ጡታቸው ተወጥሮ ወተቱ መሬት ይንጠባጠባል። አባቷ ንጹሕ ቱታ ለብሰው የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል።

«ለምን አልጀመሩም?» አለች።

«ምን አስቸኮለሽ? አለባው በዐሥራ አንድ ነው።»

ሁልጊዜም በዐሥራ አንድ እንደነበረ አድርገው ነው የተናገሩት። ላም ደግሞ ለሁለት ቀን እንዲህ፣ ለአምስት ቀን እንዲያ አትልምና፣ የሌሊቱም የቀኑም አለባ በዚያው ሳምንት ወደ ዐሥራ አንድ ዞረ። ወተቱ ለጥቂት ጊዜ ቀነሰ፤ ከዚያ ተመለሰ። ይኸው ነው። ዓለም አልፈረሰም።

ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ሰው ሌሊት መተኛት ይቻል ኖሯል። የፈለገችውን ትምህርት በፈለገችው ሰዓት መማር ይቻል ኖሯል። አንድ ቀን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የተናደደችው በአባቷ ይሁን በራሷ አልለየላትም።

ኬሚስትሪውን አለፈች። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት፤ እስከ ዓርብ ድረስ እመጣለሁ ወይም አልመጣም እንድትል ጠየቃት። የፍሬዝኖ ትምህርት ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ያን ደግሞ ሰዓት በማዞር የሚያልፉት አይደለም። አባቷ ብቻቸውን አያልቡም፤ ላሞቹ ከሌሉ ደግሞ አባቷ የሚኖሩ አልመሰላትም። አልመጣም ልትል ወሰነች። ማልቀስ እንኳ አልመጣላትም፤ ደክሟት ነበር።

ዓርቡ ከመድረሱ በፊት ያለው እሑድ የመንፈስ ቅዱስ በዓል ነው። በፖርቱጋላውያኑ አዳራሽ ለመጣ ሁሉ ሶፓስ የሚባል ፍትፍት ይታደላል፤ ዳቦውን በናና አድርገው በሥጋ መረቅ ያረሰርሱታል። ኢዳሊና ሳሕን ታቀብላለች፤ ክርስትና እናቷ ኤርሜሊንዳ በትልቅ ጭልፋ መረቅ ይጨልፋሉ። ሴትዮዋ የአዳራሹ አዛዥ ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም።

«ያ ኮሌጅ አለቀ፣ ወይስ ጡረታሽን እዚያው ልትወጪ ነው?»

«አልቋል። ፍሬዝኖም ተቀብለውኛል።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ። ታዲያ ፊትሽን ምን አጠቆረው?»

«አልሄድም፣ ክርስትና እናቴ። አባባን ለማን እተዋቸዋለሁ? ላሞቹስ?»

ኤርሜሊንዳ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተዉት። «እነዚያን ላሞች አባትሽ የዛሬ ስድስት ዓመት ሊሸጣቸው አልነበረም? ገዥውን ያመጣለት የኔ ባል ነው። ተስማምተው ካበቁ በኋላ፣ ‹ልጄ ሥራዋን ትታ በረት ገብታለች፤ ላሞቹን ብሸጥ ምን ይዛ ትቀራለች?› ብሎ ተወው። አልነገረሽም?»

ከኋላ ሰልፈኛው ሳሕን እያለ ይጣራ ነበር። ኢዳሊና አልሰማችም።

ማታ በረት ውስጥ የማለቢያውን ማሽን እየገጠመች፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀቻቸው። «ላሞቹን ሊሸጡ ነበር፣ አባባ?»

«የኤርሜሊንዳ አፍ ወንፊት ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሥራውን የወደድሽው መስሎኝ ነው። አንድም ቀን አማርረሽ አታውቂም።»

«የወደድኩት?» ሳቅ ቃጣት፤ ግን ሳቁ ከግማሽ ቀረ። «ደክሞኛል እኮ፣ አባባ። እማማ ከተቀበረችበት ቀን ጀምሮ ደክሞኛል። የቀረሁት ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«እኔም ላሞቹን ያቆየሁት ላንቺ ብዬ ነው» አሉ። «ይህ ትከሻ ከሞተ ስንት ዓመቱ! በረቱ ተቃጥሎ ቢገላግለኝ ብዬ ስንት ቀን ጸልያለሁ። ላሞቹ ውጭ ሳሉ ነው ታዲያ፤ እነሱ ምን አጠፉ?»

ኢዳሊና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። ከዓመት በፊት ተነጋግረው ቢሆን፣ ከስድስት ዓመት በፊት ተነጋግረው ቢሆን እያለች ልታስብ ጀመረችና ሐሳቡ ራሱ አደከማት። ያኔ እንባዋ መጣ፤ ድምፅ የሌለው ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ሲሉ ሁለቱም የማይፈልጉትን በረት ሲጠብቁ ኖሩ። ከዚህ የበለጠ የሚያቃጥል ነገር ካለ እኔ አልሰማሁም።

«ሊገዛቸው ለነበረው ሰውዬ ነገ እደውላለሁ» አሉ አባቷ። «አንቺም ለፍሬዝኖዎቹ እመጣለሁ በያቸው።» በደኅናው እጃቸው ማሽኑን ከእጇ ተቀበሏት። «አሁን ግቢና ተኚ። የቀሩትን እኔ አልባቸዋለሁ።»

«በአንድ እጅ?»

«በአንድ እጅ።»

አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው። ግማሹ ላም ሳይታለብ ቤት ገብታ ከነቱታዋ አልጋዋ ላይ ወደቀች። የማሽኑ ድምፅ በመስኮት ይሰማታል፤ አንዴ ባልዲ ወድቆ ሲንከባለል፣ አባቷም ላሚቱን ሲሳደቡ ሰማች። ልታግዛቸው አልተነሣችም።